ጢስ ለበላው ሳንባ ጢስ ሲሸጥ፦ የጎንደር የባህል መድኃኒት ገበያ በአንዲት ጡረተኛ ዓይን

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው የባህል መድኃኒት ልሞክር ብሎ ካሰበ፣ ጎንደር ውስጥ ጥቂት ብር ቢያወጣበት የማይቆጭበት ቦታ የቅዳሜ ገበያ የዕፀዋትና የቅመማ ቅመም ተራ ነው። የሚቆጭበት ደግሞ መሐል ከተማ ያለው፣ በሩ ላይ ትልቅ የሳንባ ሥዕል የሰቀለው የባህል ሕክምና ሱቅ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም። ብጠራው ነጻ ማስታወቂያ ይሆንለታል፤ ደግሞም እሱን የመሰሉ ሌሎች ስላሉ፣ አንዱን ነጥሎ መውቀስ የቀሩትን ማመስገን ይሆንብኛል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ደረሰኝ ስቆርጥና ሒሳብ ሳመሳክር ስለኖርኩ፣ ስሙና መጠኑ ያልተጻፈ ነገር ሲሸጥ ሳይ ደሜ ይፈላል። ሲጋራ ከንፈሬን ነክቶት አያውቅም። እናቴ ግን አረቄ ታወጣ ነበር፤ ልጅ ሆኜ እሳቱን የምቆሰቁሰው እኔ ነበርኩ። ትዳር ከያዝኩ በኋላም ደመወዙ አልበቃ ሲል፣ ከቢሮ መልስ ለምግብ ቤቶች እንጀራ እየጋገርኩ ልጆች አሳድጌአለሁ። ማገዶው ባሕር ዛፍ፣ ማቀጣጠያው ኩበት፣ ማድ ቤቱም መስኮት የሌለው የቆርቆሮ ቤት ነበር። ሐኪሙ «እናቴ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» ሲለኝ ሳቅኩ፤ ስለ ማድ ቤቴ ስነግረው ግን እሱ አልሳቀም።

መጀመሪያ የታዘዘልኝ የአክታ ምርመራ ነበር። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ሲኖር አስቀድሞ ቲቢ መሆን አለመሆኑ ይጣራል። ከቲቢ ነጻ መሆኔ ሲታወቅ፣ በትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ ውስጥ ባለ በሌለ ኃይሌ እንድተነፍስ ተደረገ። ጤነኛ ሰው ወደ ውስጥ የሳበውን አየር አብዛኛውን በመጀመሪያዋ ሰከንድ ያወጣዋል። የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ተሰጥቶት እንኳ በዚያች ሰከንድ የሚያወጣው ከጠቅላላው 70 በመቶ ካልሞላ፣ ቧንቧው ጠብቧል ማለት ነው። የእኔ አልሞላም። ሐኪሞቹ ሲኦፒዲ ይሉታል፤ ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱበት ይገልጻል፤ እኔ ግን እስኪይዘኝ ድረስ ስሙን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«የተጎዳው የሳንባ ክፍል አይመለስም፤ የቀረውን ግን እንጠብቀዋለን» አለኝ ሐኪሙ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ሐቀኝነቱ ግን ሌሊቱን አያስተኛም። አይድንም የተባለ ሰው ሌላ በር ቢያንኳኳ የሚያስነቅፈው ነገር የለም። ጎንደር ደግሞ በሩ ብዙ ነው። ሰው ፊት ከሳልኩ መድኃኒት ሳይታዘዝልኝ አልነሳም፦ ፌጦ በማር፣ ለጋ ቅቤ በትኩስ ወተት፣ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ፣ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሮ ማሽተት። አሜሪካ ያለ የዘመድ ልጅ ሳይቀር በስልክ አዞልኛል፤ እዚያ ደግሞ ከራስ አካል ሕዋስ ወስዶ መልሶ በመስጠት ሳንባን እናድሳለን የሚሉ ክሊኒኮች በብዙ ሺህ ዶላር ያስከፍላሉ። ሳንባን ስለማደሱ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። የተስፋ ንግድ ውጭ አገርም ያው ነው፤ ልዩነቱ በምንዛሪው ብቻ ነው።

ወደ ሱቁ እንመለስ። ልበድላቸው አልፈልግም፤ መስተንግዶው ጥሩ ነው። ወረፋ የለም፣ ወንበሩ ምቹ ነው፣ ነጭ ጋዎን የለበሰው ወጣት «እናቴ፣ ይቀመጡ፤ እስኪያርፉ አያውሩ» ብሎ ከጀርባዬ ትራስ ደግፎልኛል። በሐኪም ቤት ኮሪደር ቆሞ ለዋለ ሕመምተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ወደዚያ ከሚሄድበት ምክንያት ግማሹ ትራሱ ይመስለኛል። ሐኪሞቻችን ይህን ቢያስቡበት የብዙ ጠርሙስ ገበያ ይቀንስ ነበር።

ከዚያ ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰካልኝ። 91 አለ። «አዩ እናቴ? መቶ መሆን ነበረበት። 9 በመቶው ሳንባዎ ተዘግቷል ማለት ነው።» ይህ ሐሰት ነው። መሣሪያው የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እንጂ የተዘጋ ሳንባ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ጤነኛም ሰው ቢሆን ቆላ ካለው ሰው ያነሰ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ሐኪሞች ለቤት የሚሆን ቋሚ ኦክስጅን ስለማዘዝ የሚያስቡት ቁጥሩ እረፍት ላይ 88ና ከዚያ በታች ሆኖ ሲዘልቅ ነው። ይህን የነገረችኝ ነርስ ስለነበረች ቁጥሩ አላስደነገጠኝም። «እስቲ አንተም ጣትህን ስካና እንየው» አልኩት። ፈገግ ብሎ መሣሪያውን ኪሱ ከተተው።

ዋናው ዕቃቸው ሳንባ አጣቢ የሚሉት ጠርሙስ ነው። ወፍራም፣ ቡናማ፣ ሬት ሬት የሚሸት ፈሳሽ። አንዱ 1,500 ብር፤ ሙሉ ሕክምናው 6 ጠርሙስ፤ ድምር 9,000 ብር። ጠርሙሱን አገላብጬ አየሁት። የተመረተበት ቀን የለም። አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን የለም። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የምዝገባ ቁጥር የለም። ያለው የሳንባ ሥዕል፣ የስልክ ቁጥርና «ፍቱን» የሚል ቃል ነው።

«ምን ምን አለበት?»

«ብዙ ዓይነት ዕፀዋት ነው እናቴ።»

«የአንዱን ስም ንገረኝ።»

«ምሥጢር ነው፤ ከአባቶች የወረስነው።»

«ይሁን፣ ምሥጢሩ ይቅር። ስኳር ያለበት ሰው ቢጠጣውስ?»

«ለስኳርም ፍቱን ነው።»

«ግፊት ያለበትስ?»

«ለግፊትም።»

ኩላሊትንና ጉበትንም ልጠይቀው ነበር፤ መልሱን ስላወቅሁት ተውኩት። ለሁሉም የሚሆን መድኃኒት ለማንም ያልተሠራ ነው። ሌላም ቀላል ነገር አለ፦ የሚጠጣ ነገር የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ሳንባን አልፎ አያጥብም። ሳንባ የራሱ ማጽጃ አለው። የአየር ቧንቧውን የሸፈኑት ጥቃቅን ፀጉሮች አቧራውንና አክታውን ወደ ላይ እየገፉ ያወጡታል። እኔን የመሰሉ ሰዎች ችግር እነዚያን ፀጉሮች ጢሱ ስላበላሻቸው ነው፤ በጠርሙስ መልሶ የሚያበቅላቸው አልተገኘም።

ሁለተኛው ዕቃ በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት ነው። «ይህን በሻይ ማንኪያ ይውሰዱ፤ በ3 ቀን ትንፋሽዎ ይከፈታል» ተባልኩ። ከጠርሙሱ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እውነት ሊሆን ይችላል። በሌሎች አገሮች ለአስምና ለመገጣጠሚያ ሕመም የተፈጥሮ እየተባሉ በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ ተደብቆ የተቀላቀለ ስቴሮይድ፣ ማለትም እብጠትን የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት፣ ተገኝቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለመገጣጠሚያ በሚሸጥ አንድ እንዲህ ያለ ምርት ውስጥ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ማግኘቱን ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ስቴሮይድ የጠበበ ቧንቧን ይከፍታል፣ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፤ ሰውየው ሻጩን እየመረቀ ይመለሳል። እየቆየ ሲሄድ ግን ስኳርና ግፊት ይወጣል፣ ፊት ያብጣል፣ አጥንት ይሳሳል። ከሁሉም የከፋው፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ማምረት ያቆማል። ዱቄቱ ድንገት ሲያልቅ፣ ወይም ሱቁ ሲዘጋ፣ ሕመምተኛው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል። ሐኪምም ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ይሰጣል፤ ግን ሕመሙ ሲነሳ፣ በሚሊግራም ተቆጥሮ፣ ብዙ ጊዜ ለ5 ቀን ያህል ነው። የዚህ ሱቅ ዱቄት ስቴሮይድ አለበት አላልኩም። ምን እንዳለበት ያልነገረኝ ሻጩ ነው፤ ስለዚህ አልገዛሁትም።

ሦስተኛው አገልግሎት ከጓሮ ባለ ክፍል ውስጥ ይሰጣል። ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ በፍም ላይ የተጨመረ ቀበሪቾና ሌላ ስሙን የማላውቀው ሥር ጢስ መታጠን ነው። ቀበሪቾን አውቀዋለሁ፤ ቤታችንም ጉንፋን ሲገባ ይታጠን ነበር፤ ሽታውንም እወደዋለሁ። ግን ሳንባዬን የበላው ምን ሆነና ነው? ለወጣቱ ይህንኑ ብነግረው «ያኛው ጢስ ያቆሽሻል፣ ይኼኛው ያጸዳል» አለኝ። ከበሩ የወጣው ሽታ ብቻ አስሎኝ ወንበሩን ይዤ ቀረሁ። ውስጥ አንዲት እናት ብርድ ልብሱ ሥር ሲያስሉ ይሰማኝ ነበር፤ ልጃቸው ከደጅ ሆኖ «እማዬ፣ ትንሽ ታገሺ» ይላል። የሚቃጠል ነገር ሁሉ፣ ቅጠልም ይሁን ዕጣን ወይም ኩበት፣ ብናኙ ያው ብናኝ ነው። እኔ ዛሬ ቅዳሴ የማስቀድሰው ከውጭ ቆሜ ነው፤ ዕጣኑ ስለማይችለኝ።

እስከዚህ ድረስ ገንዘብ ብቻ ነው የሚባክነው ሊባል ይችላል። የመጨረሻው ምክር ግን ነፍስ የሚያስከፍል ነው። «ፓፉን ይጣሉት፤ ሱስ ያስይዛል፣ ልብ ያደክማል፣ ኬሚካል ነው» አለኝ። ፓፍ የምንለው፣ ቧንቧ ለመክፈት በአፍ የሚነፋው ሳልቡታሞል እጅ ሊያንቀጠቅጥ፣ ልብ ሊያስመታ ይችላል፤ እኔንም ያንቀጠቅጠኛል። ሱስ ግን አያስይዝም። ትንፋሽ ባጠረ ቁጥር የሚፈለገው በሽታው ስላለ ነው። ሕመሙ በተነሳበት ሌሊት ፓፉን የጣለ ሰው ምን ይይዛል?

«ኬሚካል ነው» የሚለውን ነገር ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከፓፍ ዓይነቶች አንዱ ኢፕራትሮፒየም ይባላል። የዘር ሐረጉ ሲቆጠር የሚደርሰው አስተናግር የምንለውን ቅጠል ወደያዘው የዕፀዋት ቤተሰብ ነው። አስተናግርን ጎንደር የማያውቀው የለም፤ የቅኔ ተማሪ አእምሮው እንዲከፈት ይጠጣዋል የሚባለው አብሾ ከእሱ ይዘጋጃል ይባላል። ጠጥቶ የበራለት እንዳለ ሁሉ ጠጥቶ ያበደም እንዳለ ሲነገር ሰምተናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የአስም ሕመምተኞች ቅጠሉን እንደ ሲጋራ ጠቅልለው ያጨሱ ነበር፤ ቧንቧ ይከፍታልና። ግን አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ሲበዛም ያስቀባጥራል። በኋላ ውስጡ ያለው አትሮፒን ተለየ፤ ከዚያም ወደ አንጎል እንዳይገባ ተደርጎ ተሻሻለና በፓፍ ውስጥ በማይክሮግራም ተለክቶ ገባ። ቴኦፊሊን የሚባለውም የትንፋሽ ክኒን በ1888 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተገኘው ከሻይ ቅጠል ነው። እንግዲህ ሱቁ ከዕፀዋት ነው የሚለኝን ነገር ሐኪም ቤቱም ከዕፀዋት አግኝቶታል። ልዩነቱ እነዚያ ስሙንና ልኩን ጽፈው ይሰጡኛል፤ ይኼኛው አባቶችን ይጠራብኛል።

ሳልገዛ ስወጣ ለምክሩ 200 ብር ተጠየቅሁ። ከፈልኩ፤ ትራሱ ነበረና። ደረሰኝ ስጠይቅ ግን «ለባህል መድኃኒት ደረሰኝ አይቆረጥም እናቴ» ተባልኩ። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታስተምር በኖረች ከተማ፣ ያለ ደረሰኝ ሳንባ ይታጠባል። ከአምስት ነጥብ አንድ ብቻ እሰጠዋለሁ፤ እሷም የወንበሩ ናት።

ዋግምት የሚያደርጉ አንድ ሽማግሌም ዘንድ ሄጄ ነበር። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ምላጩን ከነማሸጊያው አሳዩኝ። ምላጭ ደጋግሞ መጠቀም ጉበትን የሚያጠቃውን ቫይረስና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋልና ይህን ሳታዩ አትቀመጡ። ለትከሻና ለራስ ምታት ብዙ ሰው ያመሰግናቸዋል። ቀንዱ የሚስበው የቆዳን ደም ስለሆነ ግን የሳንባ ቧንቧ ጋር አይገናኝም፤ አመስግኜ ተመለስኩ።

ስለ ጸበል ግምገማ አይጻፍም። የነፍስ አባቴ ያሉኝን ብቻ ልናገር፦ «ሐኪምንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው፤ መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ ጠጪው።» በሌሊት ብርድ መጠመቁን ትቼ መጠጣቱን ይዣለሁ፤ ቀዝቃዛ ውኃና ቀዝቃዛ አየር ትንፋሼን ያስይዘዋል።

አሁን ወደሚጣፍጠው ልምጣ። ቅዳሜ ገበያ፣ ከበርበሬው ተራ ራቅ ብላችሁ (ራቅ በሉ፣ የበርበሬው ብናኝ ብቻውን ይገድላል) ዕፀዋት የሚሸጡ ሴቶች ጆንያ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ጦስኙ ከደባርቅና ከስሜን በኩል የሚመጣ ነው። ደረቁ ግራጫ መስሎ ይታያል፤ በጣት ሲታሽ ግን ሽታው አፍንጫን ይከፍታል። የማይሸት ከሆነ አርጅቷልና ተዉት። እኔ የምገዛባት ሴት የመጀመሪያ ቀን ለሳንባ እንደምፈልገው ስነግራት «እትዬ፣ ይህ ለሳል ነው። ለሳንባ ከሆነ ሐኪም ጋር ይሂዱ፤ ይህን ደግሞ ሻይ አድርገው ይጠጡት» አለችኝ። ጋዎን የለበሰው ወጣት ያልቻላትን ዐረፍተ ነገር አፈር ላይ የተቀመጠች ሴት በአንድ ትንፋሽ ጨረሰቻት። ከዚያ ጀምሮ ደንበኛዋ ነኝ።

ጦስኝ ውስጥ ቲሞል የሚባል ዘይት አለ፤ ጀርመኖች የእሱን ዘመድ ለአክታማ ሳል ከጥንት ጀምሮ ይጠቀሙበታል። እኔ ጠዋት በማር እጠጣዋለሁ። አክታዬ ይላላል፣ ደረቴ ይሞቃል፣ ሳሉ ትንሽ ይረግብልኛል። ትንፋሼን አልጨመረልኝም፤ አቀበት ላይ ያው ነኝ። ማሩ ጉሮሮን ያለዝባል፤ ስኳር ያለበት ሰው ግን ይጠንቀቅ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃንም ጨርሶ አይሰጥም። ጤና አዳምም እዚያው ይሸጣል፤ በቡና ላይ ጣል ማድረጉን እወዳለሁ፣ ነፍሰ ጡር ግን ልትርቀው ይገባል፤ ሻጯም ሳልጠይቃት ይህንኑ ነግራኛለች።

ባሕር ዛፍ በትኩስ ውኃ መታጠንን በተመለከተ፣ ሱቁ ውስጥ እሱም የአባቶች መድኃኒት ተብሎ ተነግሮኛል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፤ አባቶች ከተባለም ቅርብ አባቶች ናቸው። ሆኖም ነገሩ ባዶ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የጀርመን ጥናት 242 የእኔ ዓይነት ሕመምተኞችን ይዞ፣ ለግማሾቹ ከባሕር ዛፍ ዘይት የሚገኘውን ሲኒዮል በ200 ሚሊግራም ካፕሱል በቀን 3 ጊዜ ለ6 ወር ሰጥቶ ነበር። በክረምቱ ሕመማቸው የተነሳባቸው ጊዜ ከሌሎቹ አንሷል። ግን ካፕሱሉ የተጣራና የተለካ ነው፤ ሰዎቹም የሐኪም መድኃኒታቸውን አልጣሉም። ድስት ላይ የተጣደ ቅጠል ያ ካፕሱል አይደለም፤ ዘይቱን ራሱን መጠጣት ደግሞ መርዝ ነው። እኔን እንፋሎቱ አፍንጫዬን ይከፍትልኝና ወዲያው ደረቴን ያፍነኛል። ለጎረቤቴ ተስማምቷታል።

ቡና! ይህን ለመጻፍ ስቸኩል ነበር። ከትንፋሽ ምርመራው በፊት ቡና እንዳልጠጣ ሲነገረኝ ምክንያቱን ጠየቅሁ። ለካስ ካፌይን የቴኦፊሊን የቅርብ ዘመድ ነው፤ የአየር ቧንቧን ለጥቂት ሰዓታት በመጠኑ ስለሚከፍት ምርመራውን ያሳስታል። የፓፍ ምትክ አይሆንም እንጂ ቤቴ ውስጥ ለዘመናት የሳንባ መድኃኒት ሲፈላ ኖሯል፤ ዕጣኑን ከጎኑ እያጨስን ነው ያበላሸነው። አሁን ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ቀርቷል። እንግዳ ቅር ይለዋል፤ ይበለው።

ከሁሉም የጠቀመኝ አማራጭ ሕክምና ግን የሚሸጥ አይደለም። ሐኪም ቤት ያለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ትንፋሽ አወጣጥ አስተማረችኝ፦ በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ ከዚያ ከንፈርን ሰብሰብ አድርጎ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በእርጋታ ማውጣት፤ የማውጫው ጊዜ የማስገቢያውን እጥፍ ይሁን። በጠበበ ቧንቧ ውስጥ አየሩ ተይዞ ስለሚቀር ነው የምንታፈነው፤ ከንፈር ሲሰበሰብ ቧንቧው ቶሎ አይከደንም፣ የታሰረው አየር ይወጣል። ከቅዳሜ ገበያ ወደ ፒያሳ የሚወስደውን አቀበት ዘንቢል ይዤ የምወጣው በዚህ ነው፤ እየቆምኩ፣ ግን ሳልደነግጥ። በየቀኑ መራመድም ታዞልኛል። እንግሊዝ አገር ደግሞ የሳንባ ሕመምተኞች ተሰብስበው የሚዘምሩባቸው ቡድኖች አሉ፤ መዘመር ትንፋሽን መቆጣጠር ያስተምራል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እንጀራ ስጋግር መዝሙር አላቋርጥም፤ የልጅ ልጆቼ ግን ድምፄን ከሳሉ ለይተው አያውቁትም።

እንጀራው አሁን በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። መብራት ሲጠፋ ጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ ላይ ልጄ ትጋግራለች፤ እኔ ደጅ እቀመጣለሁ። ለሱቁ 9,000 ብር ያዘጋጀ ሰው ማድ ቤቱን ቢያስተካክልበት የተሻለ ሳንባ ይገዛበታል። ፓፍ ለሚጠቀም ደግሞ፣ አፍ ላይ ተነፍቶ ጉሮሮ ላይ የሚቀር መድኃኒት ብክነት ነው። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ተቀድዶ፣ ፓፉ ጥብቅ ተደርጎ ይገባበትና በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ ከዚያ እስከ 10 ሰከንድ መያዝ ነው። በጥናት ተፈትኖ ለዚሁ ተብሎ በፋብሪካ ከሚሠራው መሣሪያ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ የተገኘ ዘዴ ነው። የእኔን የሠራችልኝ ነርሷ ናት፤ ዋጋው የውኃው ነው።

የምወስደውን ጦስኝና ጥቁር አዝሙድ ሁሉ ለሐኪሙ ጽፌ ሰጥቻለሁ። እሱም አልተቆጣም፤ ነጭ ሽንኩርት በብዛት እንዳልወስድ ብቻ ነገረኝ፣ ደም የሚያቀጥን ክኒን ስላለኝ።

ወደ ገበያ ለምትሄዱ፦ ቅዳሜ በጠዋት ሂዱ፤ ፀሐይ ሲበረታ አቧራው ይነሳል፣ አህያውም ይበዛል። አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ሸፍኑ። ጦስኙን እሽት አድርጋችሁ ሳታሸቱ አትክፈሉ፤ ሴቶቹ አይቆጡም። በዋጋ ብዙ አትከራከሩ፣ ስሙን ነግረው የሚሸጡ ናቸው። የእኔ ደንበኛ ከጦስኙ ጎን ዝንጅብል ትሸጣለች፤ እሱን ከሌላ ሰው ግዙት፣ የእሷ ሁልጊዜ ደርቆ ነው የሚገኘው።